መቶ ጥያቄ፣ አምስት ቀን መንገድ

መነሻው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ መመለሻውም እዚያው። አንድ ሚኒቫን፣ አምስት ሰው፣ ከመስከረም 4 እስከ 8 ቀን 2018 ዓ.ም.። ከአምስቱ አራቱ የአሜሪካ የዜግነት ፈተና የሚጠብቃቸው ናቸው። መቶዋ ጥያቄ ታትማ ከፊት ወንበር ጀርባ ኪስ ውስጥ ተቀምጣለች። ስለ ጦርነትና ስለ ሕገ መንግሥት ከሚጠየቀው ውስጥ ብዙው ከቤታችን በሦስት ሰዓት መንገድ ውስጥ የተፈጸመ ስለሆነ መስመሩን የመረጥነው በጥያቄዎቹ ነው። የታሪኩ ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የመግቢያውን ሂሳብ አስቀድመን እንጨርስ። በዚህ መስመር ሦስት ቦታ ይከፈላል፦ ባልቲሞር ፎርት ማክሄንሪ በአዋቂ 15 ዶላር፣ አንቲተም በመኪና 20፣ ሃርፐርስ ፌሪ በመኪና 20። ለአምስት ሰው 115 ዶላር ይመጣል። የብሔራዊ ፓርኮች የዓመት ማለፊያ ለአሜሪካ ነዋሪ 80 ዶላር ነው። 62 ዓመት የሞላው ዜጋ ወይም ግሪን ካርድ ያለው ሰው አብሯችሁ ካለ ግን የአረጋውያኑን የዓመት ማለፊያ በ20 ዶላር ይገዛል። በመኪና በሚከፈልበት በር መኪናውን ሙሉ ያሳልፋል፣ በሰው በሚከፈልበት ደግሞ ባለቤቱንና ሦስት አዋቂዎችን። እኛ ጋ የ67 ዓመት እናት ነበሩ፤ ሁላችንም እማማ ነው የምንላቸው። በእሳቸው 20 ዶላር ሁሉንም በር አለፍን። ለአምስተኛው ሰው ብቻ ባልቲሞር ላይ 15 ጨመርን። መታወቂያ ይጠይቃሉ፣ ግሪን ካርዱ ቤት እንዳይቀር።

ባልቲሞር፣ እሑድ መስከረም 4

ከቅዳሴ ወጥተን ቁርስ ቀምሰን ስለተነሳን ፎርት ማክሄንሪ የተባለው ምሽግ ስንደርስ ቀኑ ተጋምሷል። ቀኑ በአውሮፓውያኑ ሴፕቴምበር 14 ነው፤ በ1814 ከሌሊት ሙሉ ድብደባ በኋላ ባንዲራው ሲውለበለብ የታየበት ጠዋት። ከተማዋ ይህን ሳምንት ታከብረዋለች፣ ስለዚህ ፓርኪንግ ጠባብ ነው። ከግቢው ውጭ አቁመን አሥር ደቂቃ ያህል በእግር ገባን።

ጦርነቱ “የ1812 ጦርነት” ይባል እንጂ ከሚታወስበት ነገር ብዙው የሆነው በ1814 ነው። እንግሊዞች ኦገስት 24 ዋሽንግተን ገብተው ቤተ መንግሥቱንና ምክር ቤቱን አቃጠሉ፤ ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ባልቲሞር ደጃፍ ቆሙ። ምሽጉን 25 ሰዓት ደበደቡት፤ ከተከላካዮቹ የሞቱት አራት ናቸው። ይህ ተአምር የሚመስለው ቦታውን እስኪያዩት ነው። ተከላካዮቹ መርከብ አስጥመው መግቢያውን ስለዘጉ፣ የእንግሊዝ መርከቦችም ከምሽጉ መድፍ እንዳይገቡ ሦስት ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው ስለቆሙ፣ ከዚያ ርቀት የተወረወረው ቦምብ ገሚሱ አየር ላይ ፈነዳ፣ ገሚሱ ውኃ ላይ ወደቀ።

ተፈታኞቻችንን ግራ ያጋባቸው ባንዲራው ነው። ጥያቄው “ባንዲራው ላይ ለምን 13 መስመሮች አሉ?” ይላል፤ መልሱ የመጀመሪያዎቹን 13 ቅኝ ግዛቶች ስለሚወክሉ። እዚህ የሚውለበለበውን የቆጠረ ግን 15 ያገኛል። ቨርሞንትና ኬንታኪ ከገቡ በኋላ በ1794 የወጣው ሕግ ለሁለቱ ብሎ ኮከብም መስመርም ጨመረና ሁለቱም 15 ሆኑ። በ1818 ይህ እንደማያዋጣ ታየና መስመሩ ወደ 13 ተመለሰ፣ ኮከቡ ብቻ እንዲጨመር ተወሰነ። በ1814 የተውለበለበው ባንዲራ 30 በ42 ጫማ ነበር፣ ሜሪ ፒከርስጊል የምትባል ሰፊ በ405 ዶላር ከ90 ሳንቲም የሰፋችው። ዛሬ ዋሽንግተን ስሚዝሶንያን ውስጥ ነው። ነፋስ ሲበረታ እዚህ የሚሰቅሉት ትንሹን ነው፤ እኛም ያየነው ትንሹን።

ያንን ባንዲራ አይቶ የአሜሪካን ብሔራዊ መዝሙር ግጥም የጻፈው ፍራንሲስ ስኮት ኪ ሲሆን በስሙ የተጠራው ድልድይ ማርች 2024 መርከብ ገጭቶት ወድቋል። ከባሕሩ ዳር ሲታይ ክፍተቱ አሁንም ያስደነግጣል። የእሱ መኪና ሁሉ ወደ ዋሻዎቹ ስለዞረ እሑድ ማታ እንኳ ከባልቲሞር መውጣት ትዕግሥት ይፈልጋል።

በመንገድ ክፍያው፣ በቶሉ ላይ አንድ ጥፋት ሠርተናል። መኪናው የኪራይ ነው፤ መስታወቱ ላይ የራሱ የቶል ሣጥን አለው። እኛ ደግሞ ከቤት ያመጣነውን ኢዚፓስ፣ ቶል በራሱ የሚከፍለውን መሣሪያ፣ ለጠፍን። በሜሪላንድ ኢዚፓስ ዋሻው 3 ዶላር፣ ከዚያ ወደ ሰሜን ያለው ቶል 6 ነው፤ ከተመለስን በኋላ ግን አከራዩም ያንኑ ቶል በራሱ ሂሳብ፣ ከቀን አገልግሎት ክፍያ ጋር ላከልን። የኪራይ መኪና ስትረከቡ ሣጥኑ መዘጋቱን አረጋግጡ፣ የመኪናውንም ታርጋ በኢዚፓስ አካውንታችሁ ላይ ለጉዞው ቀናት አስመዝግቡ፤ ስትመልሱ ሰርዙት።

ፊላደልፊያ፣ ሰኞ መስከረም 5

ያደርነው ከወንዙ ማዶ ኒው ጀርሲ ነው፣ ሆቴሉ ስለሚረክስ። የቤንጃሚን ፍራንክሊን ድልድይ ቶል ወደ ፊላደልፊያ ሲገቡ ብቻ 6 ዶላር ነው፤ ሲወጡ አይከፈልም። ያም ሆኖ ለሁለት ክፍል ይቆጥባል።

ኢንዲፔንደንስ ሆል ነጻ ነው፣ ሰዓት ያለው ትኬት ግን ግድ ነው፤ በኢንተርኔት ሲያዝ በትኬት 1 ዶላር ይቆረጣል። ፍተሻ አለ። ከመካከላችን አንዱ ፍራፍሬ መላጫ ቢላ ቦርሳው ውስጥ ረስቶ ኖሮ እስከ ፓርኪንጉ ተመልሶ ሲመጣ ሰዓታችን አለፈ። የፓርኩ አስጎብኚ፣ ሬንጀሯ፣ ቦታ ከነበረው ቡድን ጋር ቀላቀለችን፤ ቅዳሜ ቢሆን ኖሮ አይሳካም ነበር።

ሕገ መንግሥቱ የተረቀቀበት ክፍል ከሚጠበቀው ያንሳል። አረንጓዴ ጨርቅ የለበሱ ጠረጴዛዎች፣ ላባ ብዕሮች፣ ከፊት ለፊት ጆርጅ ዋሽንግተን የተቀመጠበት ግማሽ ፀሐይ የተቀረጸበት ወንበር። ሬንጀሯ ጊዜዋን የፈጀችው በወንበሩ ላይ ነው፣ ፍራንክሊን ፀሐይዋ የምትወጣ ናት አለ እያለች። ከወንበሩ ይልቅ መስኮቶቹ ይታዩ። ረጃጅም ናቸው፤ በ1787 ከሜይ እስከ ሴፕቴምበር፣ በዚያ ሙቀት፣ ወሬው ወደ ውጭ እንዳይወጣ ዘግተዋቸው ነበር። 55 ተወካዮች በተለያየ ጊዜ ተገኝተዋል፣ ሴፕቴምበር 17 የፈረሙት 39 ናቸው። ሮድ አይላንድ ጭራሽ ሰው አልላከችም።

ከጥያቄዎቹ አንዱ “ስንት ሴናተሮች አሉ?” ይላል። መልሱ 100 ነው፣ አልፈው ይሄዳሉ። ካሊፎርኒያም ዋዮሚንግም ለምን እኩል ሁለት ሁለት እንዳላቸው የተወሰነው ግን እዚህ ክፍል ውስጥ ጁላይ 16 ቀን ነው። ድምፅ የሚሰጠው በግዛት ነበር፣ ለአንድ ግዛት አንድ ድምፅ። ትልልቆቹ በሕዝብ ቁጥር ይሁን አሉ፣ ትንንሾቹ እኩል ካልሆነ እንሄዳለን አሉ። ኮኔቲከት፣ ኒው ጀርሲ፣ ዴላዌር፣ ሜሪላንድና ሰሜን ካሮላይና ደገፉ። ፔንሲልቬንያ፣ ቨርጂኒያ፣ ደቡብ ካሮላይናና ጆርጂያ ተቃወሙ። የማሳቹሴትስ ተወካዮች እርስ በርስ ስለተከፋፈሉ ድምፃቸው ባዶ ሆነ። የኒው ዮርክ ሁለቱ ሰዎች ተቆጥተው ከስድስት ቀን በፊት ወደ ቤታቸው ሄደዋል፤ የኒው ሃምፕሸሮቹ ገና መንገድ ላይ ናቸው። አምስት ለአራት። ሴኔቱ የቆመው በዚህች በአንዲት ድምፅ ነው።

ያው ስምምነት ሌላ ነገርም ተሸክሟል። የተወካዮች ምክር ቤት ወንበር በሕዝብ ቁጥር ሲከፋፈል ባሪያው እንዴት ይቆጠር? ደቡቦቹ ሙሉ ሰው ብለው መቁጠር ፈለጉ፣ ድምፅ ሊሰጡት ሳይሆን የራሳቸውን ወንበር ሊያበዙበት። በመጨረሻ አምስት ሰው እንደ ሦስት ይቆጠር ተባለ። ቃሉን ለመጻፍ አፍረዋል፤ በ1787ቱ ጽሑፍ ውስጥ “ባሪያ” የሚል ቃል የለም። “ሌሎች ሰዎች ሁሉ” ይላል። የባሪያ ንግድም እስከ 1808 እንዳይከለከል፣ የሸሸ ባሪያም ወደ ጌታው እንዲመለስ አንቀጽ ገባ፣ ሁለቱም በዚያው ዘይቤ።

ከህንጻው ግራና ቀኝ ያሉትን ሁለት ቤቶች ብዙ ጎብኚ ይዘላቸዋል፤ ለተፈታኝ ግን ከሁሉ የሚጠቅሙት እነሱ ናቸው። “የመንግሥት ሦስት ክንፎች” የሚለውን ጥያቄ በእግር መጨረስ ይቻላል። ኮንግረስ ሆል ከ1790 እስከ 1800 ሁለቱ ምክር ቤቶች የተሰበሰቡበት ነው፤ የተወካዮች ምክር ቤት ምድር ቤት፣ ሴኔት ፎቅ። ኦልድ ሲቲ ሆል ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ከ1791 ጀምሮ የተቀመጠበት። ፕሬዚዳንቱ ደግሞ አንድ ብሎክ ወደ ሰሜን። ጆን አዳምስ በ1797 ሥልጣን የተረከበው ኮንግረስ ሆል ውስጥ ነው፤ ዋሽንግተን በሕይወት እያለ፣ በእግሩ ወጥቶ ሄደ። ሥልጣን እንዴት እንደሚለቀቅ ለማየት፣ ከሌላ ቦታ ለመጣ ሰው ይህች ክፍል ከታዋቂው የነጻነት ደወል ትበልጣለች።

የፕሬዚዳንቱ ቤት ፈርሷል፤ ዛሬ በቦታው ያለው ጣሪያ የሌለው የግድግዳ አምሳያ ነው። ዋሽንግተን እዚህ ሲኖር ዘጠኝ ባሮች ነበሩት። ፔንሲልቬንያ በ1780 ባወጣችው ሕግ ከስድስት ወር በላይ የቆየ ባሪያ ነጻነቱን መጠየቅ ይችል ነበርና ስድስት ወሩ ሳይሞላ ከግዛቱ እያስወጡ ይመልሷቸው ነበር። ኦኒ ጃጅ የምትባለዋ በ1796 ጠፍታ ኒው ሃምፕሸር ገባች፤ አልተመለሰችም። ከዚህ ተነስቶ ሕገ መንግሥቱ የተፈረመበት ክፍል ለመድረስ አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

የነጻነት ደወሉን ለማየት ትኬት አያስፈልግም፣ ሰልፉ ግን ረጅም ነው፤ በመስታወቱ በኩል ከውጭም ይታያል። ምሳ ወደ ምዕራብ ፊላደልፊያ፣ ባልቲሞር ጎዳና ሄድን፤ የሐበሻ ምግብ ቤቶቹ ያሉት እዚያ አካባቢ ነው። በየዓይነቱ ለሁለት የሚበቃ 19 ዶላር። እንጀራው ከሲልቨር ስፕሪንጉ ወፈር ይላል፣ ሽሮው ግን የእኛን ያስንቃል።

ዮርክና ጌቲስበርግ፣ ማክሰኞ መስከረም 6

በቶል መንገዱ ፈንታ በሩት 30 ሄድን፤ መብራት ይበዛዋል፣ ገንዘብ አይጠይቅም። ላንካስተር ላይ የአሚሾቹን፣ መኪና የማይነዱትን ሃይማኖተኞች፣ የፈረስ ጋሪዎች ስታልፉ ቀንሱ፤ ዳገት ላይ ድንገት ከፊት ይመጣሉ። እዚያው ከመንገድ ዳር ስድስት ትኩስ ፕሬዝል፣ የተጠማዘዘ ዳቦ፣ ገዛን፣ ለነገ ረቡዕ ጾም ይሆናል ብለን። ማታ ወረቀቱ በቅባት ሲርስ እማማ አሸተቱና “ልጆቼ፣ ይሄ ቅቤ ጠግቧል” አሉ። ከምድጃው እንደወጣ ነው ቅቤ የሚቀቡት፤ ሲገዙ “ያለ ቅቤ” ማለት ነበረብን።

ዮርክ ላይ ሃያ ደቂቃ ይበቃል። እንግሊዞች በ1777 ፊላደልፊያን ሲይዙ የአህጉሩ ኮንግረስ ሸሽቶ የተቀመጠው እዚህ ነው፤ ከሕገ መንግሥቱ በፊት የነበረውን የኮንፌዴሬሽን ውል ያጸደቀውም እዚሁ፣ ኖቬምበር 15። ማዕከላዊው መንግሥት ግብር መጣል አይችልም ነበር፤ ውሉን ለማሻሻል ደግሞ 13ቱም መስማማት አለባቸው። በአሥር ዓመት ውስጥ ፊላደልፊያ ላይ በር ዘግተው እንደገና ለመጻፍ የተቀመጡት ለዚህ ነው።

ጌቲስበርግ፣ ሰሜኑና ደቡቡ በእርስ በርስ ጦርነቱ የተፋለሙበት ሜዳ፣ ነጻ ነው፣ ሙዚየሙ ይከፈልበታል። እዚህ ገንዘብ የሚወጣ ከሆነ ለአስጎብኚ ይውጣ። ፈተና አልፈው ፈቃድ የተሰጣቸው አስጎብኚዎች አሉ፤ ቁልፋችሁን ተቀብለው የራሳችሁን መኪና እየነዱ ሁለት ሰዓት ያዞሯችኋል። ዋጋው በሰው ሳይሆን በመኪና ነው፣ ስለዚህ መኪናው በሞላ ቁጥር ይረክሳል። ቀድሞ መያዝ ይሻላል።

ሊትል ራውንድ ቶፕ የሚሉትን ኮረብታ ያየ፣ የአድዋን ተራሮች የሚያውቅ ሰው፣ “በቃ ይቺ ናት?” ማለቱ አይቀርም። ከላይ ሲታይ ግን ነገሩ ይገባል፤ የሰሜኑ ጦር መስመር ከጫፍ እስከ ጫፍ ከሥሩ ነው፣ እዚህ መድፍ ያወጣ ሁሉንም ከጎን ያጭዳል። ጄኔራል ሚድ የሰሜኑን ጦር የተረከበው ውጊያው ሊጀመር ሦስት ቀን ሲቀረው ነበር። በ1863 ከጁላይ 1 እስከ 3 ባሉት ቀናት ከሁለቱም ወገን የሞተው፣ የቆሰለው፣ የተማረከውና የጠፋው 51,000 ገደማ ይሆናል።

ከሰዓት በኋላ በእግር የሄድነው የሦስተኛው ቀን ጥቃት የተደረገበትን ሜዳ ነው። ከቨርጂኒያ ሐውልት፣ የደቡቡ አዛዥ ጄኔራል ሊ በፈረስ ከተቀመጠበት፣ ማዶ እስከሚታዩት ጥቂት ዛፎች አንድ ማይል አይሞላም። ከመኪና ሲታይ እንደ ጠረጴዛ የተዘረጋ ሜዳ ይመስላል። ሲገቡበት ግን መሬቱ ይወርዳል፣ ዛፎቹ ይጠፋሉ፤ ደግሞ ከፍ ይላል፣ ድንገት ተመልሰው ይቆማሉ፣ አሁን ቀርበው። ኤሚትስበርግ መንገድ ላይ በግራና በቀኝ የእንጨት አጥር አለ። ወደ 12,500 የሚጠጋው ወታደር ያንን አጥር ሲወጣና ሲወርድ ነው በቅርብ የተመታው። ከጥቃቱ በፊት የደቡቡ መድፎች ሁለት ሰዓት ያህል ተኩሰው ነበር፤ ጭሱ ዒላማውን ስለሸፈነ ብዙው ጥይት ከግንባሩ አልፎ ከኋላ ወደቀ፣ ተኳሾቹም አላወቁም። ከሄዱት ከግማሽ በላይ አልተመለሱም። የሜዳው ሣር ውስጥ መዥገር አለ፤ ሱሪያችሁን ካልሲ ውስጥ አስገቡ፣ ማታም ተፈታተሹ። እኛ ሁለት አገኘን።

ሊንከን ኖቬምበር 19 ላይ እዚህ የተናገረው 270 ቃል ገደማ ነው። ከእሱ በፊት የተነሳው ኤድዋርድ ኤቨረት ሁለት ሰዓት ተናግሮ ነበር፤ የእሱን የሚያስታውስ የለም። ዘመኑን በእኛ ለሚቆጥር፣ ያኔ ጎንደርና መቅደላ ላይ ዐፄ ቴዎድሮስ ናቸው።

አንቲተምና ሃርፐርስ ፌሪ፣ ረቡዕ መስከረም 7

ሴፕቴምበር 17 ነው። ሕገ መንግሥቱ የተፈረመበት ቀን፤ ከዚያ ልክ በ75 ዓመቱ ደግሞ በአሜሪካ ታሪክ በአንድ ቀን ብዙ ደም የፈሰሰበት ቀን። ይህን ገጥሞ ለማየት ነው ጉዞውን በዚህ ሳምንት ያደረግነው። በመታሰቢያው ቀን ሬንጀሮቹ ውጊያው በተካሄደበት ሰዓትና ቦታ በእግር ያስጎበኛሉ፣ ጠዋት ከበቆሎው እርሻ ጀምረው። ጤዛ አለ፣ ትርፍ ካልሲ ያዙ።

በ12 ሰዓት ውስጥ 23,000 ገደማ ሰው ሞተ፣ ቆሰለ፣ ጠፋ። ቦታው ከጌቲስበርግ በጣም ያነሰ ስለሆነ ቁጥሩን ዓይን ይቀበለዋል። “የደም መንገድ” የሚሉት ጋሪ እየተመላለሰበት የጎደጎደ የእርሻ መንገድ ነው፤ ዳሩ እስከ ደረት ይደርሳል። የደቡቡ ወታደሮች እንደ ተዘጋጀ ምሽግ ገቡበት፤ የሰሜኑ ጦር ከአንዱ ጫፍ ከፍ ብሎ በርዝመቱ መተኮስ ሲጀምር ግን መውጫ የሌለው ጉድጓድ ሆነባቸው። ከዚያ በታች ያለው የበርንሳይድ ድልድይ ስፋቱ 12 ጫማ ነው፣ አንድ መኪና በጭንቅ ያሳልፋል። ከማዶው ገደል ላይ የነበሩት 500 የማይሞሉ የጆርጂያ ተኳሾች በሺህ የሚቆጠር ጦር ለሦስት ሰዓት አገቱ። ወንዙ ደግሞ ጥልቅ አይደለም። እኛ በሄድንበት ቀን ጉልበት የሚደርስ ነበር።

ይህ ውጊያ የሆነው በሲጋር ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ከአራት ቀን በፊት ፍሬድሪክ አጠገብ የሰሜን ወታደሮች ሦስት ሲጋር የተጠቀለለበት ወረቀት አገኙ፤ ወረቀቱ ሊ ጦሩን እንዴት እንደከፋፈለ የሚዘረዝር ትዕዛዝ ነበር። የሰሜኑ አዛዥ ጄኔራል ማክሌላን ይህን በእጁ ይዞም ተንቀረፈፈ፤ ሊ ጦሩን ለመሰብሰብ ቀን አገኘ።

ጥያቄዋ “የነጻነት አዋጁ ምን አደረገ?” ትላለች። “ባሮችን ነጻ አወጣ” ያለ ያልፋል። ሊንከን አዋጁን ከጁላይ ጀምሮ መሳቢያው ውስጥ ይዞ ድል ይጠብቅ ነበር፣ ሳያሸንፍ ቢያወጣው የተስፋ መቁረጥ እንዳይመስል። አንቲተም ድል ለመባል በቃችና ከአምስት ቀን በኋላ፣ ሴፕቴምበር 22፣ አሳወቀ። አዋጁ ከጃንዋሪ 1 ቀን 1863 ጀምሮ የሚሠራው ግን ባመፁት አካባቢዎች ብቻ ነው። ሜሪላንድ አላመፀችም። ስለዚህ ይህ ሁሉ ደም የፈሰሰበት እርሻ ላይ የነበረ ባሪያ አዋጁ ከጸናም በኋላ ባሪያ ነበር፤ ነጻ የወጣው ሜሪላንድ ራሷ ሕገ መንግሥቷን ለውጣ ከኖቬምበር 1 ቀን 1864 ጀምሮ ነው። ቡድናችን ውስጥ 18 ዓመት ሜሪላንድ የኖረ ሰው ይህን እዚህ ሲሰማ ሁለት ጊዜ አስደገመን።

የጾም ምሳ ሻርፕስበርግ ላይ ማግኘት ከባድ ነው። አይስክሬምና ሳንድዊች እንጂ ሌላ የለም። በእማማ ጥንቃቄ ከቤት የመጣው ዳቦና ሱፍ ፍትፍት አዳነን፤ ከዛፍ ሥር ጠረጴዛ አለ።

ሃርፐርስ ፌሪ ግማሽ ሰዓት ያህል ወደ ደቡብ ነው። ታች ከተማው ውስጥ ፓርኪንግ ለመፈለግ አትድከሙ፤ ከጎብኚዎች ማዕከሉ አቁማችሁ በአውቶቡሱ ውረዱ። ጆን ብራውን በኦክቶበር 1859 ከ21 ሰዎች ጋር የመንግሥትን የመሣሪያ ግምጃ ቤት ይዞ ባሮቹን ሊያስታጥቅ የተነሳው እዚህ ነው። በመጀመሪያ የተመታው ሰው ሄይዋርድ ሼፐርድ ነው፣ ባቡር ጣቢያው ላይ ሻንጣ የሚያወርድ ነጻ ጥቁር። ብራውን በመጨረሻ የመሸገበትን የእሳት አደጋ ቤት ከብቦ ያስያዘው መኮንን ደግሞ ሮበርት ሊ ነው፣ ያኔ የፌዴራሉ ጦር ኮሎኔል። ቤቷ ትንሽ የጡብ ቤት ናት፤ በ1893 ለትርዒት ቺካጎ ድረስ ተወስዳ ተመልሳለች፣ አሁን ያለችው በቀድሞ ቦታዋ ላይ አይደለም። ሁለቱ ወንዞች የሚገናኙበት ዳር ከቆሙ ሦስት ግዛት ይታያል። የቆሙበት ዌስት ቨርጂኒያ ነው፣ በጦርነቱ መሃል በ1863 ከቨርጂኒያ ተገንጥሎ የገባው።

ዋሽንግተን፣ ሐሙስ መስከረም 8

መኪናውን መልሰን በሜትሮ። ከሲልቨር ስፕሪንግ በቀዩ መስመር ጋለሪ ፕሌስ፣ ከዚያ በአረንጓዴው ወይም በቢጫው አንድ ፌርማታ፣ አርካይቭስ፣ ሕገ መንግሥቱ የሚቀመጥበት ብሔራዊ ቤተ መዛግብት። መግቢያው ነጻ ነው፤ በ1 ዶላር ሰዓት ያስያዘ ሰልፉን ይዘላል።

በዚያ ሳምንት የነበረው ዕድል ሁልጊዜ የሚገኝ አይደለም። አራቱ የብራና ገጾች ሁልጊዜ አሉ፤ በዚህ ጊዜ ግን አምስተኛው ገጽ፣ ሕገ መንግሥቱ እንዴት ይጽደቅ የሚለው የዋሽንግተን ፊርማ ያለበት፣ ከ27ቱ ማሻሻያዎች ጋር አንድ ላይ ወጥቶ ነበር። ክፍሉ ጨለምለም ያለ ነው፣ ቀለሙ እንዳይጠፋ። የነጻነት መግለጫው ከሩቅ ባዶ ወረቀት ይመስላል። ሕገ መንግሥቱ ግን ይነበባል። ከፊርማዎቹ አጠገብ ፔንሲልቬንያ በአንድ “ን” ጎድሎ ተጽፏል። ጸሐፊው ጄከብ ሻለስ ለሥራው 30 ዶላር ነው የተከፈለው።

ከማሻሻያዎቹ የመጨረሻው፣ 27ኛው፣ በ1789 ቀርቦ የጸደቀው በ1992 ነው። 203 ዓመት ሊሞላው ጥቂት ወራት ብቻ ሲቀሩት። አስቂኙ እሱ ነው። ረጅም ሰዓት የቆምነው 14ኛው ፊት ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1857 በድሬድ ስኮት ጉዳይ ጥቁር ዜጋ ሊሆን አይችልም ብሎ ነበር። በ1868 ጁላይ፣ ከመቅደላ ሦስት ወር በኋላ፣ የጸደቀው ይህ ማሻሻያ ያንን በአንድ ዓረፍተ ነገር ገለበጠው፦ በዩናይትድ ስቴትስ የተወለዱ ወይም ዜግነት የተቀበሉ፣ ለሥልጣኗም ተገዢ የሆኑ ሰዎች ሁሉ የዩናይትድ ስቴትስና የሚኖሩበት ግዛት ዜጎች ናቸው። “ወይም ዜግነት የተቀበሉ” የሚለው ለእነዚህ ለአራቱ የተጻፈ ነው።

ከዚያ በእግር ወደ ኮሪያ ጦርነት መታሰቢያ። “በ1900ዎቹ አሜሪካ የተዋጋችውን አንድ ጦርነት ጥቀስ” ሲባል የእኛ ሰው ኮሪያን ቢል ይቀለዋል። 19ኙን የብረት ወታደሮች ሁሉም ፎቶ ያነሳል። በሰሜን በኩል ባለው የእግረኛ መንገድ ጠርዝ፣ እግር ሥር፣ ጦር የላኩ ወይም የረዱ 22 አገሮች ስም በድንጋይ ተቀርጿል፤ ኢትዮጵያ አለች። ቃኘው ሻለቃ በ1951 ደረሰ። ጎንበስ ካላሉ አይታይም፣ እማማ ጫማቸውን አውልቀው አጠገቡ ተቀመጡ።

ማታ ቤት ስንገባ ስልኮቹ ይጮሃሉ። የዜግነት ፈተናው መለወጡ የታወጀው በዚያው ቀን ነው። ከኦክቶበር 20፣ ማለትም ከጥቅምት 10 ጀምሮ ማመልከቻ የሚያስገባ ከ128 ጥያቄዎች ይጠየቃል፤ 20 ይጠየቃል፣ 12 መመለስ አለበት። ከዚያ በፊት ያስገባ በድሮው ይፈተናል፣ ከመቶው 10 ተጠይቆ 6። ዕድሜው 65 የሞላና 20 ዓመት ግሪን ካርድ የያዘ በሁለቱም የሚያጠናው ኮከብ ያላቸውን 20 ጥያቄዎች ብቻ ነው፣ በአማርኛ ይፈተናል፤ እማማን የሚመለከተው ይህ ነው። ሁለቱ ነሐሴ ላይ አስገብተዋል። አራተኛው፣ ሜሪላንድን ሁለቴ ያስደገመን፣ ፎርሙን ግማሽ ሞልቶ ትቶት ነበር። ኦንላይን ሲሆን 710 ዶላር ነው፣ በወረቀት 760። ከእኩለ ሌሊት በፊት ላከው።